ውል በአንድ ወገን አይጸናም



የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር በብዙ ትምህርት ቤቶች የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ይቀመጣል። ስሙም የወላጅ ግዴታ ወይም የወላጅ ውል ይባላል። ወላጅ ልጁን በሰዓቱ እንደሚልክ፥ የደንብ ልብስ እንደሚያሰፋ፥ ደብተርና እስክሪብቶ እንደሚያሟላ፥ በተጠራ ጊዜ እንደሚቀርብ፥ ልጁ ለሚሰብረው ወንበርና መስኮት እንደሚከፍል ቃል ይገባበታል። መጻፍ የሚችለው ይፈርማል፤ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። ወረቀቱም ወደ ማኅደር ይገባል፤ ልጁ ያጠፋ ዕለት ግን ተፈልጎ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ለዚያ ወላጅ ምን ሊፈጽም ቃል እንደ ገባ የሚናገር መስመር በወረቀቱ ላይ እምብዛም አይገኝም።

ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚህ ባዶ ስለ ቀረው ግማሽ ገጽ ነው። አሳባችን አጭር ነው። ሁለቱ ወገኖች ያልታሠሩበት ወረቀት ትእዛዝ እንጂ ውል አይባልም። የልጆቻችንን ውጤት የሚያሻሽል ውል ከፈለግን፥ መጀመሪያ መፈረም ያለበት ትምህርት ቤቱና ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ክፍል ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ካለ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ያስታውስ። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ይህም ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከመቶ 43 ያህሉ ማለት ነው። እኛ በዚህ ግቢ የምንገኘው ከዚያ ወንፊት ያመለጥነው ነን። ከመካከላችንም በሬሜዲያል በኩል የገባን ብዙዎች ነን። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ሌላ ሰው ልጅ አይደለም፤ ስለ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው።

በነዚያ 1,328 ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ያስመዘገቡ ወላጆች ግዴታቸውን ፈርመው ነበር እንበል። ልጁ ሲቀር ወላጅ ተጠርቷል፤ ልጁ ሲረብሽ ወላጅ ተወቅሷል። አንድም ልጅ ሳያልፍ ሲቀር ግን ወላጆቹን ጠርቶ «ቃላችንን አልጠበቅንም» ያለ ማን ነው? ማንም ሊል አይችልም፤ የተሰጠ ቃል አልነበረምና።

ጉዳዩ በግልጽ እንዲታይ ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችንን ጠዳን እንውሰድ። ጠዳ ከጎንደር ወጥቶ አዘዞን ያለፈ መንገደኛ ወደ ማክሰኝትና ወደ ባሕር ዳር ሲጓዝ የሚያገኛት ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት፤ በአስተዳደርም የጎንደር ከተማ አካል ሆና በአዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ትቆጠራለች። ነገር ግን ከአስፋልቱ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ የሚገኘው እርሻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ልጅ፥ የነጋዴው ልጅና የገበሬው ልጅ ባንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ለሦስቱም ወላጆች የሚቀርበው ወረቀት ግን አንድ ነው።

ከጠዳ ወጣ ብሎ ጤፍና ሽምብራ የሚያመርት አንድ ገበሬ እናስብ። በመስከረም ጣቱን አትሟል። ኅዳር ሲደርስ አጨዳ ይመጣል፤ የዘገየ ጤፍ ይረግፋልና ልጁን ለጥቂት ቀን ከትምህርት ያስቀረዋል። ትምህርት ቤቱ ወረቀቱን አውጥቶ ይጠራዋል፤ ገበሬውም የሥራ ቀኑን አቃጥሎ ይመጣል፥ አንገቱንም ደፍቶ ይመለሳል። ይህ ተገቢ ነው እንበል። በዚያው በኅዳር ወር የሒሳብ መምህሩ ተዛውሮ ሌላ ሳይተካ ሦስት ሳምንት ቢያልፍስ? መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ ብቻ ቢደርስስ? ገበሬው ማንን በየትኛው ወረቀት ይጠይቃል? የልጁ ሦስት ቀን ተቆጥሮ የትምህርት ቤቱ ሦስት ሳምንት ሳይቆጠር የሚቀርበት ሚዛን በገበያ ቢገኝ ሚዛኑ በተሰበረ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በሰኔ ወር ገበሬው የልጁን ካርድ ይቀበላል። ካርዱ ልጁ ከ70 ተማሪዎች 5ኛ መውጣቱን ይነግረዋል። ደስ ይለዋል፤ ጎረቤትም እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። ልጁ አንድ ገጽ አማርኛ ሳይደናቀፍ ማንበብ መቻሉንና አለመቻሉን ግን ካርዱ አይናገርም። ሰባዎቹም ማንበብ ባይችሉ እንኳ 5ኛ የሚወጣ አይጠፋም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያም ልጆች ካርድ ተሰጥቷቸዋል፤ ደረጃም ወጥቶላቸዋል።

አባቶቻችን በዚህ በኩል ከኛ ይሻሉ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጅ ድግስ ይደግስ፥ ለየኔታም ስጦታ ይሰጥ ነበር። አባትየው ፊደል ባይቈጥርም ልጁ ሲያነብ በጆሮው ይሰማል፤ የተማረውንም ያልተማረውንም ይለያል። ልጁን ለየኔታ ሲሰጥም የሚሰጠው በአደራ ነበር። አደራ የሚከብደው ደግሞ በተቀባዩ ላይ ነው፤ «አደራ በላ» ተብሎ የሚረገመው የተቀበለው እንጂ የሰጠው አይደለም። የዛሬው ወረቀት ይህን ገልብጦታል። ልጁን የሰጠው ወላጅ ባለዕዳ፥ የተቀበለው ትምህርት ቤት ባለመብት ሆኖ ተቀምጧል። ያለፈው ሁሉ ይመለስ ማለታችን አይደለም፤ በየኔታ ዱላ ስንቱ ልጅ እንደ ሸሸ እናውቃለን። የምንለው የአደራው ትርጉም ይመለስ ነው።

የወላጅ ውል ሲነሣ አንዳንድ መምህራኖቻችንና በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የአሜሪካን ቻርተር ትምህርት ቤቶች እንደ አብነት ይጠቅሳሉ። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙሉውን እንመልከተው። ቻርተር ማለት ራሱ ውል ነው። የመጀመሪያው የቻርተር ሕግ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በ1991 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ የመጀመሪያውም ትምህርት ቤት በሴንት ፖል ከተማ በ1992 ተከፈተ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ በመንግሥት ገንዘብ ይተዳደራል፤ ከብዙ መመሪያዎችም ነጻ ይሆናል። በምላሹ ለፈቀደለት ባለሥልጣን ተማሪዎቼን እዚህ ውጤት ላይ አደርሳለሁ ብሎ በጽሑፍ ይዋዋላል። ቃሉን ካልፈጸመ ፈቃዱ ሊነጠቅና ሊዘጋ ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ፊርማ የትምህርት ቤቱ ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. በሂውስተን ከተማ በሁለት ወጣት መምህራን የተጀመረው ኪፕ የተባለው የትምህርት ቤቶች ማኅበር ደግሞ ከወላጆችና ከተማሪዎች ጋር ውል በማስፈረም ታዋቂ ሆነ። ያ ወረቀት ሦስት ክፍል ነበረው፤ የመምህራን ቃል፥ የወላጆች ቃል፥ የተማሪዎች ቃል። መምህሩ በጧት እንደሚገኝ፥ እስከ አመሻሽ እንደሚቈይ፥ ቅዳሜም እንደሚያስተምር፥ ተማሪና ወላጅ ሲፈልጉት እንደማይታጣ ይፈርማል። የኛ አገር ወረቀት ከዚህ ሁሉ የወሰደው አንዱን ክፍል ብቻ ነው።

ቻርተር ትምህርት ቤት ሁሉ ተሳክቶለታል ማለትም አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሒሳብ ከአካባቢው መደበኛ ትምህርት ቤቶች የተሻሉት ከመቶ 17 ነበሩ፤ የባሱት ደግሞ ከመቶ 37 ነበሩ። በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ግን የቻርተር ተማሪዎች በአማካይ በንባብ 16፥ በሒሳብ 6 የትምህርት ቀናት ያህል ቀድመው ተገኝተዋል። እንግዲህ ስሙ ወይም ፊርማው ብቻ ልጅን አያስተምርም። ታዲያ የሚያስተምረው ምንድር ነው? ዊል ዶቢና ሮላንድ ፍራየር የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በኒው ዮርክ ከተማ 35 ቻርተር ትምህርት ቤቶችን መርምረው ከውጤት ጋር የሚሄዱ አምስት ነገሮችን አግኝተዋል። እነርሱም ለመምህሩ በየጊዜው የሚሰጥ አስተያየት፥ በፈተና ውጤት እየተመሩ ማስተማር፥ ለጥቂት ልጆች በቡድን የሚሰጥ ብርቱ ድጋፍ፥ የረዘመ የትምህርት ጊዜ፥ ከልጁም ብዙ መጠበቅ ናቸው። አንባቢ ይፍረድ፤ ከአምስቱ ውስጥ በወላጅ ትከሻ ላይ ብቻ የተጫነ አንድ እንኳ የለም። ሁሉም የትምህርት ቤቱ ሥራዎች ናቸው።

የአሜሪካው ምሳሌ ለኛ ሩቅ ነው የሚል ካለ እንኳ፥ ሁለት ወገን የሚያስር ውል ምን እንደሚመስል የጠዳ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። ወንፈል የገባ ሰው ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ ያጭዳል፤ ነገ ጎረቤቱ የእርሱን ካላጨደ ወንፈሉ ፈረሰ። ዕድርተኛ ከቀብር ሲቀር ይቀጣል፤ ዕድሩም ድንኳኑን በሰዓቱ ካላደረሰ ዳኛው በጉባኤ ፊት ቆሞ ይጠየቃል። የዕቁብ ሰብሳቢ ገንዘብ ተቀብሎ ዕጣ ሳያወጣ ቢቀር ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ሕዝባችን ውል አያውቅም የሚሉ ሰዎች ሕዝቡን የሚያገኙት በቢሮ መስኮት በኩል ብቻ ነው። አንድ እጅ ብቻውን እንደማያጨበጭብ ባላገሩ ካወቀው ቈይቷል።

በሕግና በመመሪያ በኩልም በር አልጠፋም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች በኅብረተሰቡ ተሳትፎ እንዲመሩ ደንግጓል። የወላጅና የመምህር ኅብረትም በየትምህርት ቤቱ ተቋቁሟል። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤቶች ማሻሻያ መርሐ ግብር የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከአራቱ ዐበይት ርእሶቹ አንዱ አድርጎታል። ነገር ግን ተሳትፎ የተባለው በተግባር ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ መዋጮ ሆኖ ይገኛል። ወላጅ ለአጥር፥ ለመማሪያ ክፍል፥ ለጥበቃ ደመወዝ፥ ለወንበር ያዋጣል፤ ድንጋይና አሸዋም ያመላልሳል። ይህን አንነቅፍም፤ ብዙ ክፍሎች የተሠሩት በዚህ ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነው። የወላጅና የመምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ስንት ብር ተሰበሰበ የሚለው ሲነበብ፥ ስንት ልጅ ማንበብ ቻለ የሚለውስ የሚነበበው መቼ ነው?

በዚህ ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎችን እናውቃቸዋለን።

አንደኛው፥ ወላጁ ስላልተማረ ትምህርት ቤቱን መቆጣጠር አይችልም የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ከላይ ተሰጥቷል። ልጁ በፊቱ ሲያነብ መስማት የሚችል አባት፥ ልጇ የእህል ሒሳብ ሲያሰላላት የምትመለከት እናት መፍረድ ይችላሉ። የማይችሉት በማይገባቸው ቃል የተሞላ ካርድ ሲሰጣቸው ነው።

ሁለተኛው ብርቱ ነው፤ ከመምህራን ወገን የሚመጣ ነውና። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለእህል አልበቃ ያለው፥ ባንድ ክፍል 70 ልጅ የሚጠብቀው፥ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ በእጁ ሳይገባ አስተምር የተባለ መምህር እንዴት ውል ይፈርማል? እውነት ነው፤ መምህሩን ብቻውን ማስፈረም ወላጁን ብቻውን ከማስፈረም አይሻልም። ስለዚህ ውሉ ሦስተኛ ፈራሚ ይኑረው እንላለን፤ እርሱም የክፍለ ከተማው ወይም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። መጽሐፍ የማድረስ፥ የጎደለ መምህር የመተካት፥ ደመወዝ በወቅቱ የመክፈል ግዴታ የእርሱ ነውና። ያን ጊዜ መምህሩና ወላጁ አንዱ ሌላውን የሚካሰሱ ባላጋራዎች መሆናቸው ይቀርና ባንድ ወገን ቆመው የሚጠይቁ ይሆናሉ። መምህር ከወላጅ የተሻለ ጠበቃ ከወዴት ያገኛል?

ሦስተኛው፥ በዚህ ዘመን ስለ ውል መናገር ቅንጦት ነው የሚለው ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቋርጠዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ከትምህርት ገበታ የራቁት የክልሉ ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተገልጾ ነበር። በር የተዘጋበት ልጅ ስለ ካርድ ምን ያደርግለታል? ይህን ኀዘን የሚያህል ቃል የለንም። ነገር ግን ከዚህ የምናወጣው ትምህርት ተቃራኒውን ነው። ትምህርት ቤት የመንግሥት ሕንፃ ብቻ ሆኖ ሲታይ፥ ሲዘጋም ሲቃጠልም ባለቤት የለውም። ወላጁ የኔ ብሎ የተዋዋለበት፥ ቃል የተሰጠበትና ቃል የሰጠበት ትምህርት ቤት ግን ማንም ወገን ቢመጣ ልጆቻችንን ተዉልን የሚልለት ሰው አያጣም። የጠፋውንም ዓመት ለማካካስ የወላጅና የመምህር መተማመን ከምንም በፊት የሚያስፈልግ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በጠዳ ቢሞከር ብለን የምናቀርበው አሳብ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

1ኛ፤ ውሉ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ፤ ከመፈረሙም በፊት በወላጆች ጉባኤ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ፤ ወላጆችም ይጨምሩበት፥ ይቀንሱበት። ያልሰሙትን ነገር ጣት ማስነካት ይቅር።

2ኛ፤ ትምህርት ቤቱ በዓመት ስንት ቀን እንደሚያስተምር ይግባ፤ የቀረውም ቀን እንደ ልጁ መቅረት ተቈጥሮ በየወሩ ለወላጅ ይነገር።

3ኛ፤ እያንዳንዱ ልጅ በሁለተኛ ክፍል መጨረሻ በወላጁ ፊት አንድ ገጽ ያንብብ። ያልቻለው ልጅ አይቀጣ፤ ትምህርት ቤቱ ግን በምን ያህል ጊዜ እንደሚያደርሰው ለወላጁ ቃል ይግባ።

4ኛ፤ ወላጅ ልጁን በየቀኑ ይላክ፤ ማታም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከሥራ ነጻ ያድርገው፤ ይህም ለወንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ውኃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ ለምትመጣው ሴት ልጅም ይሁን። ትምህርት ቤቱም የአጨዳውን ሰሞን አስቦ ፈተና እንዳይጥልበት ይጠንቀቅ።

5ኛ፤ ጽሕፈት ቤቱ መጽሐፍና መምህር መቼ እንደሚያደርስ ቀኑን ጽፎ ይፈርም። ቀኑ ሲያልፍ የሚጠየቀው ሰው የሥራ ኃላፊነቱ በውሉ ላይ ይመልከት።

6ኛ፤ ውሉን ባለመፈጸም ልጅ ከትምህርት ገበታ አይባረር። የወላጅ ጥፋት በልጅ ላይ የሚፈርድ ውል ከጅምሩ የፈረሰ ነው።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን ድርሻ። ተማሪ ነን፤ ሥልጣን የለንም። ግን ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ይህን ሰበብ አላቀረቡም። ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች በመላክ ነበር ያሠለጠናቸው። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። እኛን የሚጠይቀን አንድ ዓመት አይደለም። ጠዳ በታክሲ የምትደረስ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ሄዶ ንባብ ያልቻሉ አምስት አምስት ልጆችን ይዞ ማስነበብ፥ ለወላጆችም ውሉንና ካርዱን አንብቦ ማስረዳት ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። በዚያ የኒው ዮርክ ጥናት ከተገኙት አምስት ነገሮች አንዱ ይኸው በቡድን የሚሰጥ ድጋፍ እንደ ነበር አንርሳ። የትምህርት ክፍሎቻችን መምህራንም ምዘናውን ቢያዘጋጁልን ሥራው ከቅን ልቦና አልፎ በማስረጃ የሚመራ ይሆናል።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን በሚቀጥለው ጉባኤው ይህን አጀንዳ እንዲይዝ፥ ፈቃደኞችን እንዲመዘግብ፥ በጠዳም ከሚገኙ የወላጅና የመምህር ኅብረቶች ጋር እንዲነጋገር እንጠይቃለን። ከወላጅ ፊርማ በፊት የኛ ፊርማ ይቅደም። ስንት ቅዳሜ እንደምንሄድ፥ ስንት ልጅ እንደምናስነብብ ጽፈን እንፈርም፤ ዓመቱም ሲያልቅ በዚሁ ጋዜጣ ላይ የፈጸምነውንና ያልፈጸምነውን በቁጥር እናውጣ። ሌላውን ባለውል ሁን ለማለት የምንበቃው ያን ጊዜ ነው።